የአንድ ቀን ጋውን

ሰባት ነበርን እኛ፣ ጃህራ ስንገባ፦
ማያ፣ ሩክሳና፣ ሁለት ሲሪላንኮች፣ ሉባባ፣ ዘይነባ፣
እና እኔ ጦይባ።
የሴት ልጆች ሁለተኛ ደረጃ፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት፣
ሦስት ፎቅ፣ አርባ ክፍል፣ አሸዋ የማይጠፋበት።

ኩባንያው ጨረታውን በርካሽ አሸነፈ፣
ከሰባታችን መሀል አራቱን አራገፈ።
«ሦስት ፎቅ ለሦስት ሰው! እኩል ደረሳችሁ»
አለን ሱፐርቫይዘሩ፣ «ምን ጎደለባችሁ?»
ደረጃው የማን ነው? ሽንት ቤቱስ? ግቢው?
እሱን አላካፈለም።

መምህራኑም እንደኛው። የፊዚክሷ ነጅላ
በሰኔ ሄደች ካይሮ፣
ባዶውን ከረመ ወንበሯ ዘንድሮ።
«መምህርት ትመጣለች» ተብላ በር ላይ የተለጠፈች
ወረቀቷ ራሷ በፀሐይ ገረጣች።
የቤተ ሙከራዋም ሴት ልትወልድ እንደ ወጣች
ቀረች፤ ቁልፉን ለእኔ ሰጥታኝ ነው የሄደች፣
«አቧራ እንዳይበላው» ብላ።

ልጆቹ በዚያ ክፍለ ጊዜ ይስቃሉ፣ ይተኛሉ፣
ጥፍር ይቀባባሉ።
ሙኒራ ብቻ ናት ደረጃ ላይ ወጥታ፣
መጽሐፏን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣
«ዛሬም የለችም?» የምትለኝ፣
እኔ የቀጠርኳት ይመስል፣ እኔ ያባረርኳት ይመስል።

ማክሰኞ ጠዋት ነው። ከሚኒስቴር ሰው መጣ ተባለ፣
ሊቆጥር፦ ስንት መምህር፣ ስንት ሠራተኛ አለ።
የምክትሏ የአብላ ወድሓ ፊት አመድ መሰለ።
በእጇ ያለው ቅጽ ላይ ባዶ ሣጥን በዝቷል፤
ባዶ ሣጥን ደግሞ ጥያቄ ይወልዳል።
«መወልወያሽን ጣይው» አለችኝ፣ «ነይ ቶሎ!»
ነጭ ጋውን አለበሰችኝ፣ እጅጌው ተጠቅልሎ።
«እዚህ ቁሚ» አለች፣ «ከመደርደሪያው ዳርቻ፣
አትናገሪ፤ አንገትሽን ነቅንቂ ብቻ።»
ኪሱ ውስጥ የከረሜላ ልጣጭ፣ የደረቀ እስክሪብቶ፤
የሌላ ሰው እንጀራ፣ እኔ ላይ ሰፍቶ።

የስፖርቷ መምህርት ፊዚክስ ክፍል ቆመች፣
የመጋዘን ጠባቂዋ መጻሕፍት ቤት ገባች።
ያን ቀን ሁሉም ሰው ሌላ ሰው ነበር።

ሴትዮዋ ገባች፣ መነጽሯን ከፍ አድርጋ፣
ወደ መደርደሪያው እጇን ዘርግታ ጠጋ
ብላ፣ «ይኼ ምንድን ነው?» አለችኝ።
አብላ ወድሓን ሳል ያዛት።
እኔ ግን አውቀዋለሁ። አራት ዓመት ወልውዬዋለሁ።
«ኮፐር ሰልፌት» አልኳት፣ «ሰማያዊው። ክዳኑ ስለ ላላ
ከላይ አይቀመጥም። ያ አሲድ ነው፤ ለብቻው፣ ከኋላ።
የማቃጠያው ጎማ ተሰንጥቋል፣ ባይለኮስ ይሻላል፤
የዓይን መታጠቢያው ውኃ ከረቡዕ ጀምሮ ያንጠባጥባል።»
ሳቀች ሴትዮዋ። «ማሻአላህ! እንዲህ ያለች ሰው እያለቻችሁ
ሣጥኑ ለምን ባዶ? ምንም አልጎደላችሁ!»
ጭረት አደረገች።

ጋውኑን አጥቤ ሰቀልኩት። በሁለተኛው ሳምንት
ደብዳቤ መጣ፦ በዚህ ትምህርት ቤት
የለም የሰው እጥረት።
ያቺን የበር ወረቀት «አንሺያት» አሉኝ፣
ሙጫዋን በጥፍሬ ፋቅሁ።
አንዳንዴ ሌሊት እነቃና፦ ዝም ብል ኖሮ፣
ያን ሰማያዊ ጠርሙስ ባላውቀው ኖሮ፣
አንዲት ሴት ከካይሮ፣ ከአማን ትመጣ ነበር ዘንድሮ?
ወይስ አትመጣም? ማን ያውቃል።
ያወቅኩትን ማወቄ ግን ልጆቹ ላይ በር ዘጋ።

ሙኒራ ደረጃው ላይ ናት። «የላብ መምህርት ሆነሻል አሉ»
አለችኝ፣ ዓይኖቿ ሳይስቁ።
«ይህንንስ ታውቂዋለሽ?» ጣቷ ከቀስት የተሠራ ሥዕል ላይ ነው፤
አንድ ሣጥን፣ በተዳፋት ላይ፣ ሳይንሸራተት የቆመ።
«አላውቀውም» አልኳት። «እግርሽን አንሺ፣ ልጥረግበት።»
አነሳች።

ሦስተኛውን ፎቅ ጨርሼ ስመለስ
እግሯን እንዳነሳች ናት፤
ገጹም ያው ገጽ።